ወጥ ቤት ያላት መኪና ስንት ፈረሱላ ትጎትታለች?

የሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ነቀምቴ ውስጥ በሰላም መኖር አይቻልም። እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ገና ጠዋት በሬን ስከፍት ጎረቤቴ የታቀፈችው ዶሮዋ ልትፈለፍል ስንት ቀን እንደቀራት ታስቆጥረኛለች። ለለቅሶ የሚተከል ድንኳን ስንት ሰው እንደሚይዝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜማ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ሰዎች ውኃው በስንተኛው ክንድ ላይ እንደሚገኝ አስላልን ብለው መጡና አስልቼ ነገርኳቸው። ውኃ አልተገኘም። እነሱ ግን "ሂሳቡስ ትክክል ነበር፤ መሬቱ ነው እንጂ" ብለው ለእኔ አዘኑልኝ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እናቴ "አላውቅም" የምትባለዋን ቃል ሳታስተምረኝ ነው ያሳደገችኝ። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ኪሴ ውስጥ ያለው እርሳስ ቀድሞኝ ብድግ ይላል።

ይህን የማወጋችሁ ነገር ሲሆን ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔም ፀጉር ነበረኝ። ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ጋሽ ደምሴ የሚባል ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን በሱዳን በኩል ዞሮ የመጣ ፈረንጅ ነቀምቴ ሲደርስ ወባ መንገድ ዳር ጣለው። ጋሽ ደምሴ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰው፤ እስኪሻለውም እየተመላለሰ ጠየቀው። ፈረንጁ ሲድን "ከእንግዲህ አገር በመኪና ማየት አልፈልግም" አለና መኪናውን ከነቁልፏ ለጋሽ ደምሴ ሰጥቶ በአውሮፕላን ሄደ። የሰው ልጅ ለውለታ ዶሮ ይሰጣል፣ ቢበዛ ፍየል ይሰጣል። ይሄ መኪና ሰጠ።

መኪናም ስላችሁ ዝም ብላ መኪና እንዳትመስላችሁ። ፊቷ ጠፍጣፋ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። ሆዷ ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ፣ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሳጥንና አበባ የተጠለፈበት መጋረጃ አላት። ነቀምቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሰዎች "እንኳን ደስ ያለህ" ሊሉት ሲመጡ ቤት እንደሠራ ሰው ዳቦ አስጋግረው ይመጡ ነበር። አንዲት ባልቴት መጋረጃውን ገልጠው፣ ምድጃውን ነካክተው፣ አልጋውን ጫን ጫን አድርገው ካዩ በኋላ "ሁሉም ደህና ነው፤ ሽንት ቤቱ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ ሳይደነግጥ "ውጭ ነው እማማ፤ እንደ ሁላችንም ቤት" አላቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ጫልቱ በእኔው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። በእኔና በእሷ መካከል ያለው ነገር ከመተያየት አልፎ፣ ከመግባባትም አልፎ፣ ሽማግሌ ወደ መላክ ተጠግቶ ነበር። የቀሩት አባቷ ናቸው። አባት ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚቀር ነገር አይደለም። ኦቦ ዲንሳ ከደዴሳ ማዶ፣ በጊምቢ መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ቡና የሚያለሙ ሰው ናቸው። አማርኛን የሚናገሩት ቡና እንደሚለቅም ሰው ቀዩን እየመረጡ፣ አረንጓዴውን እየተዉ ነው። እኔ በደቂቃ መቶ ቃል ሳፈስ እሳቸው ሦስቱን መርጠው ያነሱና እነዚያን ሦስቱን መልሰው ይጠይቁኛል። በሕይወቴ እንደ እሳቸው የፈራሁት ተቆጣጣሪ የለም።

በእሳቸው መንደር ወፍጮ የለም። ሴቶች እህል ተሸክመው ግማሽ ቀን ሄደው ያስፈጫሉ። ባለፈው ክረምት የጫልቱ እናት አዴ ለሊሴ ከነዱቄታቸው ጅረት ሲሻገሩ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ኦቦ ዲንሳ ያን ቀን "ከእንግዲህ ወፍጮ ወደ ቤቴ ይመጣል እንጂ ሚስቴ ወደ ወፍጮ አትሄድም" ብለው ማሉ። በመሐላቸውም መሠረት በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ፣ ከነሞተሩና ከነሁለቱ ድንጋይ፣ ነቀምቴ ድረስ አስመጡ። ነቀምቴ ደረሰና ቆመ። ከዋናው መንገድ ወደ መንደሩ የሚያስገባው ድልድይ ግንድ ነውና የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉ "እኛ ልጆች አሉን" እያሉ ሸሹ። ግንቦት እያለቀ ነበር። ዝናቡ ከጠና ያ መንገድ እስከ መስቀል ማንንም አያሳልፍም፤ አዴ ለሊሴም ሌላ ክረምት በዚያው ጅረት ሊሻገሩ ነው።

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። "የእኔዋ ትጎትተዋለች!" አለ። ከተሰባበረ የጦር መኪና ሁለት ጎማ አስፈትቶ፣ ብረት አስበይዶ፣ በሳምንት ውስጥ ተሳቢ አሠራላት። ሰውየው ሃያ አምስት ዓመት ባለተሳቢ መኪና ከአሰብ ሲያመላልስ የኖረ ስለሆነ መኪና ያለ ተሳቢ ሲያይ ባል የሞተባት ሴት ያየ ያህል ያዝን ነበር።

ኦቦ ዲንሳ መጥተው መኪናዋን ዞረው አዩ። ተሳቢውን ዞረው አዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ስንት ትችላለች?"

"የጫኑባትን ሁሉ!" አለ ጋሽ ደምሴ።

ኦቦ ዲንሳ ወደ እኔ ዞሩ። "ባርሲሳ" አሉኝ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ጫልቱ ከአባቷ ኋላ ቆማ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። አሁን ሲገባኝ "አላውቅም በል" ማለቷ ነበር። እኔ ግን "አኩራኝ" ያለችኝ መሰለኝ። "አስልቼ እነግርዎታለሁ" አልኩ፤ እርሳሴም ወጣ።

ፈረንጁ መኪናዋ ውስጥ ትቶት የሄደ የመኪናዋ መጽሐፍ ነበር። የተጻፈበት ቋንቋ እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም አይደለም፤ አንድ ቃል እንኳ አይገባኝም። ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ገጽ ስገልጥ ስገልጥ ተሳቢ የምትጎትት መኪና የተሳለችበት ቦታ ደረስኩ። ከሥዕሉ ግርጌ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ከላይኛው ቁጥር አጠገብ የሰው እግር ተስላለች፤ ቁጥሩ ስድስት መቶ ነው። ከታችኛው አጠገብ እግር የለም፤ ቁጥሩ አራት መቶ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ትልቁን ወሰድኩ። ሁለት ቁጥር ቀርቦለት ትንሹን የሚወስድ ማን አለ? እግሯን ለጌጥ የተሳለች አድርጌ አለፍኳት።

"ስድስት መቶ ኪሎ" ብዬ በማግስቱ አወጅኩ። "ከዚያ በላይ አንዲት ኪሎ አልፈቅድም።" እንዲህ ስል ድምፄ ወፈር ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠንቃቃነቴ ልክ አጣ። ተሳቢው ራሱ ክብደት አለውና እሱም ይመዘን አልኩ። ይህን ማሰቤ በጣም ስላስደሰተኝ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳሁት። መኪናዋም ሸክም ይቅለልላት ብዬ ማንኪያዎቹን፣ ሹካዎቹን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አወረድኩ። ጋሽ ደምሴ ማንቆርቆሪያውን መልሶ ሰቀለው። "ሰው መንገድ ሲሄድ ሻይ ይጠጣል" አለ። "ምድጃዋን ካነሳህባትማ ተራ መኪና ልታደርጋት ነው። በሞቴ ተዋት።" በማንቆርቆሪያው ጉዳይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ማንቆርቆሪያው ባዶውን እንዲሄድ ተስማማን።

የቀረው መመዘን ነው። ትልቅ ብረት የሚችል ሚዛን ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የቡና ነጋዴው መጋዘን። እኚህ ነጋዴ የእኔና የጋሽ ደምሴ አከራይ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው፤ የክፍላችን ቆርቆሮ ከእሳቸው ነው። ኦቦ ዲንሳም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቡናቸውን በበቅሎ እየጫኑ የሚሸጡት ለእሳቸው ነው። ስለዚህ ስንጠይቃቸው "ምን ችግር አለ፣ ቤታችሁ ነው" አሉን፤ ደግ ሰው ናቸው።

ሚዛኑን የሚጠብቀው በላቸው ይባላል። ሃያ ዓመት ቡና ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። ዕቃው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ የሚዛኑን ብረት በአንድ ጣቱ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ እንደ ዲያቆን በዜማ ይጠራል። የሚጠራው በኪሎ አይደለም፤ በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ማለት ነው።

"ተሳቢ፣ ስምንት ፈረሱላ!" አለ። እኔ ጻፍኩ።

"ሞተር፣ አሥራ ሁለት ፈረሱላ!" ጻፍኩ።

"የታች ድንጋይ፣ ሰባት! የላይ ድንጋይ፣ ሰባት! ቀበቶና ቁርጥራጭ ብረት፣ አንድ!"

ደመርኩ። ሠላሳ አምስት ፈረሱላ። በአሥራ ሰባት አባዛሁ። አምስት መቶ ዘጠና አምስት ኪሎ! ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ሂሳብ በመጽሐፍም አይገኝ። አምስት ኪሎ ብቻ ሲቀረን ልክ ሞልቷል። ያቺ የቀረችው አምስት ኪሎም ሌላ ጭቅጭቅ አመጣች። ጋሽ ደምሴ መለዋወጫ ብሎን ልጫን አለ። ጫልቱ ለእናቷ ስኳር ልትወስድ ፈለገች። እኔ ለክፉ ቀን ባዶዋን ትቀመጥ አልኩ። ኦቦ ዲንሳ ሁላችንንም ሲሰሙ ቆይተው "ስኳር" አሉ፤ ስኳር ተጫነ። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው ካዩት በኋላ "ጋሪዳ" አሉኝ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ያን ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽማግሌ የሚሆኑኝን ሰዎች በሐሳቤ መርጬ፣ ኮታቸውንም አስተኩሼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ጋሽ ደምሴ መሪ ጨብጧል። እኔ ከጎኑ ወረቀቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ኦቦ ዲንሳና ጫልቱ ከኋላ በታጠፈው አልጋ ላይ ናቸው። መጋረጃው ተከፍቶ ሕዝቡ እጁን ያውለበልብልናል። ሜዳውን በደንብ ሄድን፤ ትንንሽ ዳገቶችንም እያቃሰተች ወጣች። "አላልኳችሁም?" እያልኩ በየዳገቱ ጫፍ ወደ ኋላ እዞራለሁ። ሦስተኛው ላይ ጫልቱ "ሰምተናል" አለችኝ።

ከዚያ የደዴሳ ቁልቁለት መጣ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን አላልንም?" አልኩ።

"እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እሱ ነው" አለ በአገጩ ወደ ኋላ እያመለከተ። ተሳቢው መጎተት ሰልችቶት መግፋት ጀምሯል። ጋሽ ደምሴ ማርሽ ቀነሰ፤ መኪናዋ ጮኸች፤ ተሳቢው አልሰማም። ፍሬን ረገጠ፤ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተ። አንዷ ጠምዛዛ ላይ በመስኮት ሳይ ተሳቢው ከጎናችን ሊመጣ ትንሽ ቀርቶታል።

"በንጉሥ አምላክ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ደምሴ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ። "በንጉሥ አምላክ ቁም!"

ያን ጊዜ በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው እንኳን ከመንገድ፣ ካነሳው ዱላም ይቆም ነበር። ወፍጮው ግን የውጭ አገር ሰው ነውና አልቆመም። ከኋላ ኦቦ ዲንሳ በእርጋታ "ዋቃዮ" ሲሉ ሰማሁ፤ ፈጣሪን መጥራታቸው ነው። ጫልቱ "አባኮ!" ብላ አባቷን ያዘች። በስተግራ ገደል ነው፤ ወንዙ ከታች እንደ ክር ይታያል። በስተቀኝ መንገድ ጠጋኞች ትተውት የሄዱት የአፈር ክምር አለ። ጋሽ ደምሴ ያቺን የሚወዳትን መኪና፣ ያን ጠፍጣፋ ፊቷን፣ እያየ አፈሩ ውስጥ ሰካት።

ቆምን። መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፤ ከዚያ ምድጃው ወረደ። በመጨረሻ ያቺ የተከራከርንባት ማንቆርቆሪያ ከማንጠልጠያዋ ተነስታ ጭንቅላቴን መታችኝ። ተሳቢው መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል፤ የመጎተቻው ብረት ተጣሟል፤ አንዱ ጎማ ገደሉ አፍ ላይ ሆኖ በአየር ላይ ይሽከረከራል። ሁላችንም ተራ በተራ ወረድን። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱን ልገድላት ነበር።

ጩኸታችንን የሰሙ ስምንት ጎልማሶች ከማሳቸው እየሮጡ መጡ። ተሳቢውን ለማቅለል የላይኛውን ድንጋይ እናውርድ ተባለ። አራቱ ያዙት፤ አልተነሳም። ስድስት ሆኑ፤ እያቃሰቱ አወረዱት። አንደኛው ላቡን ጠርጎ ስንት እንደሚመዝን ጠየቀ። ወረቀቴን አይቼ "ሰባት ፈረሱላ" አልኩት። ሰውየው ሳቀ። ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም።

"እኔ ከጊምቢ ገበያ አምስት ፈረሱላ ጨው ብቻዬን በቅሎ ላይ ስጭን ኖሬአለሁ" አሉ። "ይሄ ሰባት አይደለም።"

በዚህ መካከል ጫልቱ ከሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብላ በቅጠል ግሪስ ትጠርጋለች። ከግሪሱ ሥር ፋብሪካው የመታው ትንሽ ሰሌዳ ወጣ። "ና እስቲ ይህን አንብበው" አለችኝ። አነበብኩ። ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ይላል። የእኔ ወረቀት አሥራ ሁለት ፈረሱላ ይላል፤ በአሥራ ሰባት ሲባዛ ሁለት መቶ አራት ነው።

"ሠላሳ ስድስት ኪሎ የት ሄደ?" አለች።

እርሳሴን አወጣሁ። ሠላሳ ስድስት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ሦስት። በየፈረሱላው ሦስት ኪሎ፤ በላቸው አሥራ ሰባት ያለው ሃያ ነው። ያኔ ጋሽ ደምሴ በጭንቅ ውስጥ ሆኖ ሳቅ አመለጠው። "አይ በላቸው! ለጆንያው አንድ፣ ለእርጥበቱ አንድ፣ ለጠጠሩ አንድ! እንደ ቡናው ቀንሶላችሁ ነዋ!" አለ። እውነቱን ነው። በላቸው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ብረቱን ከመመዘን የሚያተርፈው የለም። ሃያ ዓመት ሲቀንስ የኖረች ጣት ዓይኗን ጨፍና ቀነሰች። ብረት ጆንያ አልለበሰ፣ እርጥበት የለው፣ ጠጠር የለው። ሰባት መቶ ኪሎ ጭነን ነው ስድስት መቶ የማይሞላ መስሎን የወረድነው።

ጥፋቱ ከእኔ ወደ በላቸው መዞሩ ነፍሴን ትንሽ መለስ አደረገልኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ጫልቱ ከወደቁት ዕቃዎች መካከል የመኪናዋን መጽሐፍ አንስታ "ይቺ እግር ምንድን ናት?" አለች።

"ጌጥ ናት" አልኩ።

ጋሽ ደምሴ መጽሐፉን ነጠቃት። አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ፍሬን የምትረግጥ እግር ናት እንጂ! የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ስድስት መቶ፤ ለሌለው አራት መቶ ማለት ነው! አንተ ልጅ፣ ለምን አላሳየኸኝም?"

"ቋንቋው አይገባህም ብዬ ነዋ።"

"ፊደሉን ባላውቅ እግር አውቃለሁ!" ብሎ ጮኸብኝ። መጎተት ብቻ ነው ያሰላሁት፤ ማቆም የሚባል ነገር መኖሩ አልታየኝም።

ኦቦ ዲንሳ ይህን ሁሉ የሰሙ አልመሰሉኝም። ከወረደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በበትራቸው ይቆረቁራሉ። "ባርሲሳ" አሉ። "ከሃያ ኪሎ ሦስት ኪሎ ከጠፋ፣ ከስንት ጆንያ አንድ ይጠፋል?"

አሰላሁ። "ከየሰባቱ አንዱ፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል።"

"በየዓመቱ?"

"በየዓመቱ።"

"አሥራ አንድ ዓመት" አሉ። "ይህን ቁልቁለት ሰባተኛውን ጆንያ ለእሱ በነፃ ተሸክመን ወጥተናል። እኔና በቅሎዬ።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ስምንቱ ጎልማሶችም ቡና የሚሸጡት እዚያው ነበርና የማንም ፊት ላይ ሳቅ አልቀረም።

ከዚያ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ተሳቢው መቶ ስድሳ ኪሎ፣ ሞተሩ ሁለት መቶ አርባ፤ ተደምሮ ልክ አራት መቶ። ድንጋዮቹ ወረዱ፤ ቁርጥራጩ ብረት እኔ ከነወረቀቴ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር ገባ። ጋሽ ደምሴ መጎተቻውን በድንጋይ ቀጥቅጦ አቃናው። መኪናዋ ፊቷ ተጨራምቶ፣ በእግር እርምጃ፣ ሞተሩን ብቻ እየጎተተች ወረደች፣ ወጣችም፤ የግንዱንም ድልድይ ተሻገረች። ሁለቱን ድንጋዮች ጎልማሶቹ በወፍራም ግንድ አንጠልጥለው፣ እየተቀባበሉና እየዘፈኑ ተሸከሟቸው። በማግስቱ መንደሩ ስንደርስ ድንጋዮቹ ቀድመውን ደርሰው ነበር። ወፍጮው በሳምንቱ ተተከለ። አዴ ለሊሴ በምርኩዛቸው ቆመው የመጀመሪያውን በቆሎ በእጃቸው ጨመሩ፤ ዱቄቱ ሲወርድ ግን ማንንም ሳያዩ አለቀሱ። ስኳሩን ለሁላችንም ሻይ አፈሉበት።

ስንለያይ ኦቦ ዲንሳ ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ልጄን እንደምትፈልግ አውቃለሁ" አሉ። "አሁን ሽማግሌ አትላክ። ታኅሣሥ ላይ ቡናዬን ይዤ እመጣለሁ። ሚዛኑ አጠገብ ቆመህ ትክክለኛውን ትጠራለህ። እኔ ብጠራው ማንም አይጽፈውም። አንተ ብትጠራው ይጻፋል።"

"እሺ" አልኩ። አላውቅም ማለት የማልችል ሰው፣ እምቢማ እንዴት ብዬ?

ወገኖቼ፣ ያ ሰባት ወር እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አከራዬ ናቸው፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው፤ የሚያስወጡኝም የሚያስባርሩኝም እሳቸው ናቸው። በመንገድ ሳገኛቸው ባርኔጣዬን ከአንድ ጊዜ ይልቅ ሁለት ጊዜ አነሳ ጀመር። ቀኑ ሲቃረብ ልታመም አሰብኩ። ጋሽ ደምሴን ባማክረው "ታመም፤ እኔ ሆስፒታል አደርስሃለሁ፤ መኪናዬ አልጋ አላት" አለኝ። ጫልቱ ግን ምንም አላለችም። አለመናገሯ ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ያስፈራል።

ታኅሣሥ ደረሰ። ኦቦ ዲንሳ ከሃያ ጆንያ ጋር መጡ። ከኋላቸው ያ የደዴሳ ወሬ የደረሳቸው ገበሬዎች ከነበቅሎዎቻቸው መጋዘኑን እስከ ውጭ በር ሞልተውታል። ነጋዴው ከሚዛኑ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ከበላቸው ጎን ቆምኩ። የመጀመሪያው ጆንያ ሚዛኑ ላይ ወጣ። በላቸው አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብረቱን በጣቱ ነካ አደረገ።

"አምስት ፈረሱላ!"

ሚዛኑን አየሁ። ልክ መቶ ኪሎ ነው። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

"መምህር" አሉኝ ነጋዴው በፈገግታ። "የምትኖርበት ቤት ጣሪያው ደህና ነው? አያፈስም?"

"ደህና ነው ጌታዬ" አልኩ። ከዚያ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "አምስት ፈረሱላ ከአሥራ አምስት ኪሎ ነው" አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ነው የወጣው።

በላቸው በእውነት ግራ ገብቶት ዞረ። "መምህር፣ እሱማ ለጆንያው፣ ለእርጥበቱ፣ ለጠጠሩ ነው። የኖረ ልማድ ነው እኮ።"

"ጆንያው አንድ ኪሎ ነው፤ እሱን ቀንስ። ቡናው ደረቅ ነው። ጠጠር ካለ እዚሁ ዘርግፈን እንልቀም፤ እኔ እለቅማለሁ።"

ከበሩ አካባቢ አንድ ሽማግሌ "ባርሲሳ፣ አልሰማንም! ድገመው!" አሉ።

"አምስት ፈረሱላ ከአሥራ አራት ኪሎ!" አልኩ፤ ጆንያውን ቀንሼ።

"ድገመው!" አለ ሌላው።

ደገምኩት። በሦስተኛው ራሴም ሰማሁት። በላቸው ነጋዴውን አየ። ነጋዴው በሩን የሞላውን ሰው አዩ፤ ከዚያ ከዘራቸውን አዩ። "ጻፍ" አሉ።

በላቸው ጻፈ።

ሃያኛው ጆንያ ሲወርድ ፀሐይ አዘንብላለች። ኦቦ ዲንሳ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ መጡ። እጄን ሳይጨብጡ ትከሻዬን ብቻ ነካ አደረጉኝ።

"ድምፅህ ቀጭን ነው" አሉ። "ግን ተጽፏል። እሁድ ሽማግሌዎችህን ላክ።"

ለጫልቱ ልነግራት ልሮጥ ስል እኚያ ከበሩ የጮሁት ሽማግሌ ኮቴን ጨምድደው ያዙኝ። የእሳቸው ጆንያ ሚዛኑ ላይ ወጥቷል፤ ልጠራላቸው ተመልሼ ከበላቸው ጎን ቆምኩ።